አረፋው ብዙ፣ እድፉ እዚያው

ሲቀላ ገበያ ፈሳሽ ሳሙና የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሃይላንዱን አንስቶ ይነቀንቀዋል። አረፋው እስከ አንገቱ ከሞላና ቶሎ ካልወረደ «ስንት ነው?» ይላል፤ ከሳሳ መልሶ አስቀምጦት ወደ ቲማቲሙ ያልፋል። ያጥባል ወይ፣ እጅ ያሳክካል ወይ፣ ከምን ተሠራ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሻጯ የባለቤቴ እህት ልጅ ስለሆነች አርባ ምንጭ በወረድኩ ቁጥር አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ እታዘባለሁ።

ነገሩ ከሁሉ አብልጦ የሚያበሳጨው ጎረቤቷን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሠፈሩ ውስጥ ቲቸር ከተባለ እሳቸው ማለት ነው። «አረፋ አየር ነው» ይላሉ፤ «እናንተ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ አየር ትገዛላችሁ።» ለማስረጃ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሳሙናን ይጠቅሳሉ። እሱ ሆን ተብሎ አረፋው እንዲያንስ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ አለዚያ ማሽኑ በአረፋ ይታፈናል። ልብሱ ግን ይጸዳል። ልጅቷም መልስ አታጣም፦ «ቲቸር፣ አየሩን ካላስገባሁበት ሳሙናውን ማን ይገዛኛል?»

ለባለቤቴ ዘመድ ሠርግ በወረድኩ ጊዜ የኔ ጋቢ ጣጣ እንዴት እንደመጣ ከመናገሬ በፊት የጨዉን ነገር ላስቀድም፤ ጨዉ ለሠርጉ የመጀመሪያው ድግስ ነበርና።

ልጅቷ ሙያውን ያገኘችው ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ከወሰደችው አጭር ሥልጠና ነው። ዕቃው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ ማማሰያ እንጨትና ጓንት ነው፤ ግብዓቱ ላብሳ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አረፋ የሚያበዛው ቴክሳፖን፣ ጨው፣ ከለርና ሽቶ። ላብሳ ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ ብርቱ አሲድ ነው፤ ከነዳጅ ተዋጽኦ ይሠራል። ማጠቢያ የሚሆነው ኮስቲክ ሶዳው ሲያበርደው ነው። ላብሳው ካየለ እጅ ይለበልባል፣ ሶዳው ካየለ ደግሞ ቆዳ ይልጣል፤ ቲቸር ካስተማሩበት ዘመን የተረፈች ብጣሽ ሊትመስ ወረቀት ይዘው በአጥሩ በኩል ብቅ የሚሉትም ለዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ልጅቷ ጠንቃቃ ናት።

ጨዉ የሚገባው ለማወፈር ነው። የሠርጉ ሳሙና በተሠራበት ዕለት ግን ግቢው ለሠርግ በመጣ ሥራ ፈት እንግዳ ተሞልቶ ነበር። አንዱ «ቀጠነ» አለ፤ ጨው ተጨመረ፣ ወፈረ። ሌላው «ወፍራም ነው የሚሸጠው» አለ፤ ተጨመረ፣ ከማማሰያው አልወርድ አለ። የሙሽራውም የባለቤቴም አጎት የአይሱዙ ሾፌር ናቸው፤ እጃቸው ለጋስ ነው፤ የቀረውን ጨው ከነከረጢቱ ገለበጡበት። ሳሙናው ዓይናችን እያየ ውሃ ሆነ።

ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። ቲቸር ግን ደስ አላቸው፤ በአርባ ዓመት ማስተማር እንዲህ ያለ ጥያቄ በእግሩ ቤታቸው ድረስ መጥቶ አያውቅም መሰለኝ። የማጠቢያው ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ተሰብስበው ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ ያደርጋሉ። ራሶቹ አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ ስብስቡ ትንሽና ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ጨው ሲገባ ግፊያው ይረግባል፤ ድቡልቡሉ እየረዘመ ይሄድና ረጃጅሞቹ እርስ በርስ ይተባተባሉ፤ የምናየው መወፈር እሱ ነው። ጨዉ ልክ ሲያልፍ መተባተቡ ይፈታል። «ስለዚህ» አሉ ቲቸር፣ «ውሃና ትንሽ ቴክሳፖን ጨምሪበት።» ጨመረች። ወፈረ። ውሃ ሲጨመርበት የሚወፍር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሾፌሩ አጎት ግን ዝም ብለው ከረጢቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ጥር ነበር። ባለቤቴ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች አዲስ አበባ ቀርታለች፤ አማቴ ደግሞ ለሠርጉ የምለብሰውን ጋቢ ዶርዜ አሠርተው ስለነበር «ሂድና አምጣው» ተባልኩ።

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን መንገዱ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይወጣል፤ ከታች ሙዝና ማንጎ፣ መሀል ላይ ጭጋግ፣ ከላይ እንሰትና ቀርከሃ። ጨንቻ ሳይደርሱ ያለችው ዶርዜ ስደርስ ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ጋቢው ተጣጥፎ ጠብቆኛል፦ ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ ጥለቱ የዱንጉዛ ቀለም፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ቆጮ በማርና በዳጣ ቀመስኩ፤ ብርዱ ሲጸናብኝ ጋቢውን ደረብኩት። እዚያ ላይ ከዚያ የተሻለ ልብስ የለም።

ስወርድ የባለቤቴ አጎት፣ እኚሁ የጨዉ ሰው፣ ደወሉ። «ላንቴ ሙዝ እርሻ ውስጥ ነኝ፣ ለሠርጉ እያስቆረጥኩ ነው፣ በዚያው ና።» ሄድኩ። ሙዝ የሚቆርጡትና አይሱዙ ላይ የሚጭኑት ልጆች ልብሳቸው ከአንገት እስከ ጉልበት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጭቃ ነው ብዬ አለፍኩት። አጎታችን አዲስ የተቆረጠ ዘለላ አንስተው ትከሻዬ ላይ አሳረፉና ስልካቸውን ደገኑ። «ቀና በል፣ ለሚስትህ ትልክላታለህ!» ከተቆረጠው ጫፍ ጥርት ያለ ነገር ጠብ ጠብ ይላል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ፎቶው ያምራል፤ ጋቢው ፎቶው ላይ አሁንም ነጭ ነው።

ማታ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ቡናማ ዥንጉርጉር ወርዶበታል። የሙዝ ፈሳሽ ታኒንና የታኒን ዘመዶች የሆኑ ፖሊፌኖሎች አሉበት። አየር ሲነካቸው ኢንዛይም አግዟቸው ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዱና ይጠቁራሉ፤ ተልጦ የተቀመጠ ድንችም የሚጠቁረው በዚሁ መንገድ ነው። ጥጥ ላይ ሆነው ከጠቆሩ ደግሞ ክሩን ይዘው ይቀራሉ፣ ቀለም ተነከረ ማለት ነው። እርጥብ ሳለ ወዲያው በብዙ ውሃ ቢለቀለቅ አብዛኛው ይወጣ ነበር። የላንቴ ልጆች ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ለሙዝ የሚለብሱት ልብስ ሌላ፣ ለገበያ የሚለብሱት ሌላ የሆነው።

የሠርግ ቤት አማካሪ አይጠፋበትም። መጀመሪያ የቀረበው ድፍን የልብስ ሳሙና ነው። ቧንቧው ላይ የሠርግ ድስት ሁሉ ተሰልፎ ስለነበር ልጅቷ ከጎረቤት ጉድጓድ ውሃ ቀዳች፤ በምንጮቿ ብዛት በተጠራች ከተማ፣ ከገደሉ ሥር ጫካ ውስጥ የሚፈልቀው ጥሩ ውሃ ድስት ሲያጥብ እኛ ከጉድጓድ ጋር ቀረን። ሳሙናው አረፋ በመስጠት ፈንታ ሳፋው ላይ ግራጫ ፍርፋሪ ሆኖ ተንሳፈፈ።

ቲቸር አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። «ሳሙና የጋሞ ሽማግሌ ነው» አሉ። ዘይትና ውሃ አይስማሙም፤ ሳሙና አንድ ጫፉ ከውሃ፣ ሌላው ጫፉ ከቅባት ይወዳጃል፤ ስለዚህ መሀል ገብቶ ቅባቱን አቅፎ ውሃው ይዞት እንዲሄድ ያግባባል። ይህን ሲናገሩ ሁላችንም ወደ ትዝታ ሄድን፤ በመስከረም 2011 እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ቁጣ የያዛቸውን ወጣቶች የመለሱትን የጋሞ አባቶች ያላስታወሰ አልነበረም። ወደ ሳፋው የመለሱን ቲቸር ራሳቸው ናቸው። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከበዙ ሽማግሌውን እጁን ይዘው ያስቀሩታል፤ ፍርፋሪው እሱ ነው። ዱቄት ሳሙናና የልጅቷ ላብሳ የተሻሉት እዚህ ላይ ነው፤ ካልሲየም ያን ያህል አይዛቸውም። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስብ ለምግብም ሲያጥራቸው ከስብ ያልተሠራ ማጠቢያ መፈለግ ጀመሩ፤ አሜሪካኖች በ1946 እ.ኤ.አ. ታይድን ገበያ ላይ ሲያወጡ ነገሩ የያንዳንዱ ቤት ሆነ።

«እና በዱቄት ሳሙና እንሞክረው?» አልኩ።

«ሞክሩ። ግን ይኼ ሽማግሌ የሚጠራው ለጠብ ነው። የሙዝና የጥጥ ነገር ጋብቻ ነው፤ ማንን ከማን ያስታርቃል?»

ተዘፈዘፈ፣ ታሸ፣ ተፈተገ። አረፋው ከሳፋው አልፎ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ፤ ልጆች ጨፈሩበት። እድፉ ጭራሽ ደመቀ፤ ታኒን የሳሙና ዓይነት አልካሊ ሲነካው ይጠቁራል እንጂ አይለቅም። ከዚያ ሁሉ አረፋ ለማጥራት ብዙ ውሃ ስላስፈለገ ጋቢው ጓሮ ወዳለው የብረት በርሜል ተወሰደ። በርሜሉ ውስጡ የዛገ ነው። እዚያ አድሮ ሲወጣ ቡናማው ቦታ ቦታው ላይ ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ተለውጧል፤ ታኒንና ብረት ሲገናኙ የሚፈጠረው አውሮፓውያን ለዘመናት በብራና ላይ የጻፉበት ቀለም ነው። ታጥቦ ጭቃ ማለት ለዚህ ያንሳል። ታጥቦ ጽሕፈት ነው።

ከደጋ የመጡት የልጅቷ አያት እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የደረቀ የእንዶድ ፍሬ አወጡ። «ሳሙና ሳይመጣ እኛ በምን ነጭ የለበስን መስሏችሁ ነው?» አስወቅጠው ለብ ባለ ውሃ አስመቱት። ደቃቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረፋ ሳፋውን ሞላው፤ ሲቀላ ገበያ ቢወጣ ማንም ሃይላንዱን መልሶ አያስቀምጠውም። ሲያጥቡ ትክ ብዬ አየሁ፦ አይፈትጉም። በመዳፋቸው ይጫኑና ይለቃሉ፣ ጋቢውን ገልብጠው እንደገና ይጫኑና ይለቃሉ፤ ጥለቱ ጋ ሲደርሱ በጣታቸው ጫፍ ብቻ። ሲጨርሱ ለልጅቷ «ውሃውን ወደ ወንዝ እንዳትደፊው፣ ዓሣ ይጨርሳል» አሏት።

ይህቺን ማስጠንቀቂያ የሰማ ሁሉ ተመራማሪውን አክሊሉ ለማን ማስታወስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አየ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ተቆረጠ። የእንዶድ ሳፖኒን በአንድ ወገኑ ስኳር ስለሆነ ውሃ ይወዳል፣ በሌላው ወገን ቅባት ይወዳል፤ አረፋ የሚያነሳውም፣ የእንስሳውን የሕዋስ ሽፋን የሚበጣጥሰውም በዚሁ ጠባዩ ነው፣ ሽፋኑ ራሱ ቅባት ነውና። አክሊሉ ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስሙ ይጠራል። ለኔ ከሽልማቱ ይልቅ የሚገርመኝ ዓይኑ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፏል? ሴቶቹም ቢሆኑ ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም፤ ጠያቂ ነው ያጡት። ቢልሃርዚያ በአባያና በጫሞ ዙሪያም ያለ በሽታ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ከተማውን ካጥለቀለቀው ዱቄት ሳሙና ጎን የእንዶድ ቁጥቋጦ መረሳቱ ያናድዳል።

የእንዶዱ ውጤት? ጋቢው ለሰለሰ፣ ነጣ፣ አማረ። እድፉ ብቻ አልተነካም፤ ዙሪያው በመንጣቱ እንዲያውም ከሩቅ ይታይ ጀመር። አያትየው አየት አድርገው «ይኼ ቆሻሻ አይደለም» ብለው ተነሱ። እዚያ ላይ ማቆም ነበር።

በረኪናውን ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልተጣራም። ሎሚውን ያመጡት ግን ሾፌሩ አጎት ናቸው፤ ሎሚ እድፍ ያስለቅቃል፣ በረኪናም ያስለቅቃል፣ ሁለቱ ቢደመሩ ምን ይሳነዋል የሚል ሒሳብ ነው። በረኪናው ፈሰሰ፣ ጥቂት ቆይቶ ሎሚው ተጨመቀበት። ከሳፋው አንዳች የሚሰነፍጥ ነገር ተነሳ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ ነደደ። ቲቸር አጥሩ ላይ ሆነው ድምፃቸው ያን ያህል ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም፦ «ልጆቹን አርቁ! ማንም እንዳይጠጋው!» ግቢው ነፋሻ በመሆኑ ተረፍን። በረኪና አሲድ ከነካው፣ የሎሚም ይሁን የሽንት ቤት ማጽጃ፣ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር ላይ በጠላት ምሽግ የለቀቁት ያንኑ ነው። ዝግ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሠርጉ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥ ነበር።

ሁሉም ሲስል ጋቢው ሳፋው ውስጥ ተረሳ። ሲወጣ ቡናማው ወደ ቢጫነት ፈዟል፣ ብረት የነካው ቦታ ዝገት ሆኗል፣ ዝገቱ ላይ ደግሞ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ብረት ባለበት በረኪና ጥጡን ከሌላው ቦታ ቀድሞ ነው የሚበላው። የጥለቱ ቀይ ሮዝ ሆኗል። ሠርጉ ላይ የተዋስኩትን ኩታ ለበስኩ። ሠርጉ መልካም ነበር፤ የልጅቷ ሳሙናም ያን ሁሉ ድስትና ሳህን አንጽቷል።

ከሠርጉ በኋላ ጋቢውን ይዤ ዶርዜ ተመለስኩ፤ ቲቸር «አየር ልለውጥ» ብለው ተከተሉኝ። ሸማኔው ጋቢውን ዘርግቶ አየ። ስለ ሙዙ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የሙዝ እድፍ ለሱ አዲስ አይደለም። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። «በረኪና!» አለ። ቀጥሎ ጥቁሩን ፈትል በጣቱ ነካ አድርጎ «ይኼ ግን አልለቀቀም፤ ቀዩ ሮዝ ስለሆነ ነው ጥቁሩ የፈዘዘ የሚመስለው» አለ።

ቲቸር ከተቀመጡበት ተነሱ። ለካ ይህ ነገር ታሪክ አለው። ስብ አልካሊ ሲያገኘው ወደ ሳሙናና ግሊሰሪን እንደሚለወጥ አብራርቶ በ1823 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ሚሼል ሼቭረል በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ጎብላን በሚባለው የሽመና ተቋም የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሸማኔዎቹ «ጥቁሩ ደካማ ነው» እያሉ አቤት ሲሉበት ቢመረምረው ማቅለሚያው ምንም አልጎደለውም፤ ጥቁሩን የሚያፈዝዘው ጎኑ ያለው ቀለም ነው። በዚህ ላይ በ1839 እ.ኤ.አ. ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ራሱም 102 ዓመት ኖረ። ቲቸር ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ።

ሸማኔው ጨርሰው እስኪቀመጡ ጠበቃቸው። «ይህንን ለማወቅ ፓሪስ መሄድ ነበረበት?» አለ።

ጥገናውን አልቀበልም አለን፤ አዲስ ጋቢ ግን እሠራልሃለሁ ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። ዋጋው ከበረኪናው በላይ ነበር የሚሰነፍጠው። አሮጌውን አጣጥፌ ልይዝ ስል ቲቸር እጄን ያዙኝ። ሠፈር ውስጥ ማታ ማታ የሚያስጠኗቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉ። ጋቢው ላይ ኦክሲዴሽን አለ፣ የብረት ውህድ አለ፣ በረኪናው ሴሉሎስ የበላበት አለ፤ ብላክቦርድ ላይ ከመጻፍ ይህን ግድግዳ ላይ መስቀል ይሻላል አሉ። ሰጠኋቸው።

ወደ ታች ስንወርድ ጨንቻን የሸፈነው ጭጋግ ሳይለቀን ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ነች፤ አጎቷ የላንቴውን ፎቶ ልከውላታል።

«እንዴት ነው ያማረብህ! ጋቢው የት አለ?»

ቲቸርን አየኋቸው፤ ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀዳዳውን በጣታቸው ይለካሉ።

«ትምህርት ገብቷል» አልኳት።